የእንግዳ ሻይ፣ የጎረቤት ዋልያ

የደባርቅ ልጅ ነኝ ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዋልያ አይተሻል?» የጎንደርን ልጅ በየደረሰበት «ግንቡ ውስጥ ገብተሃል?» እያለ የሚያደክመው የለም፤ እኛን ግን አይለቁንም። ባለፈው ሰሞን ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ጎንደር አንድ ካፌ ቁጭ ብለን አስተናጋጇ የጦስኝ ሻይ ይዛልን መጣች። ብርጭቆው ገና ከትሪው ሳይነሳ በሽታው አወቅሁት። ጎንበስ ብዬ ሳሸተው አንዷ ጓደኛዬ «አንቺማ ምን አለብሽ፣ ዋልያ በደጃችሁ እንደ ፍየል ሲያልፍ ነው ያደግሽው» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልቤ ግን ጥሏቸው ሄዶ አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ላይ ቁጭ አለ።

እናቴ ሀሊማ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት። አባቴ በንግድ ወደ መተማ ስለሚመላለስ ቤቱንም ሻይ ቤቱንም የያዘችው እሷ ነበረች። ከፊት ሻይ ቤት፣ ከኋላ መኖሪያችን፣ መሃል ላይ አንድ መጋረጃ፤ ይኸው ነው። የደባርቅን ብርድ የቀመሰ ሰው ያውቀዋል። ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ ከዳባት የመጣው፣ ከድብ ባሕር የመጣው፣ ወደ ሽሬ የሚያልፈው መንገደኛ ከመኪና ሲወርድ እጁን እያፋተገ ዓይኑ የሚያርፈው የእማዬ ማንቆርቆሪያ ላይ ነው። ሻይ ለእኔ ከውሃ ይቀል ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ውሃ ከቧንቧው ይጠፋል፣ ወረፋ አለው፣ ጀሪካን ያሸክማል። ሻይ ግን እኛ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ሲርበኝ ሻይ፣ ሲበርደኝ ሻይ፣ አልቅሼ ሳበቃም ሻይ ነው የሚሰጠኝ።

ዋልያ ደግሞ ስሙ ሞልቶ እሱ የለም። የሆቴሉ ታፔላ ላይ ቆሟል፣ የሚኒባሱ በር ላይ ተሥሏል፣ ብሔራዊ ቡድናችን በስሙ ይጫወታል፣ የደብተሬም ሽፋን ላይ ቀንዱን ወደ ኋላ ለጥጦ ያየኛል። በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። የእኛ ሰፈር ሰው አብዛኛው አላየውም። ዋልያውን ለማየት ተራራው ላይ ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ ድረስ መሄድ ነው፤ መኪና ይፈልጋል፣ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ስካውት የሚሉት ጠመንጃ ያነገተ የፓርክ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራ የሌለበት ቀን ይፈልጋል። እማዬ እንዲህ ያለ ቀን ኖሯት አያውቅም።

የሚያዩት ፈረንጆች ናቸው። ከተራራው ሲወርዱ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ እኛ ቤት ይገባሉ። አንዳንዶቹ ፊታቸው በርቶ ካሜራቸውን እየተቀባበሉ ያያሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አቀርቅረው ሻያቸውን ያማስላሉ። «እነዚህ ምን ሆነው ነው?» ብዬ አስጎብኚያቸውን ስጠይቀው «ዋልያ አላገኙም» ይለኛል። እኔ ከጋራ ጋራ እየዞረ ከብት የሚጠይቅ ሰው የማውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። በገበያ ቀን ዱላውን ይዞ «ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቀይ ላም ያያችሁ?» እያለ የሚዞረው፣ ከብት የጠፋበት ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ዋልያው የፈረንጆቹ ነው፣ ጠፍቶባቸዋል፣ እየተፈራረቁ ይፈልጉታል። «እማዬ፣ ከጠፋባቸው ስንት ዓመት ሆነው?» ስላት በሳቅ ልትሞት። አንድ ቀን ደግሞ አፍንጫዋ በብርድ የቀላ አንዲት ፈረንጅ ብቻዋን ጥግ ይዛ ስትተክዝ አንጀቴን በላችኝና ሄጄ «አይዞሽ፣ ይገኛል» አልኳት። ምን እንዳልኳት አልገባትም፤ ግን ጉንጬን ሳመችኝ።

የዚያን ዓመት ክረምት አባባ እንድሪስ እኛ ቤት መጡ። የእማዬ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ፓርኩ ውስጥ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለ መንደር ነበር። መንደሩ ለአውሬው ሲባል እንዲነሳ ሲወሰን ጎረቤቶቻቸው ወርደው ደባርቅ ዳር ቤት ሠሩ። አባባ ግን ብቻቸውን ነበሩ፤ አያቴ ቀደም ብላ አርፋለች። እማዬ ገና ልጅ ሳለች ደባርቅ አክስቷ ዘንድ ወርዳ እዚሁ ያደገች ናትና፣ አባቷን በስተርጅና ማግኘቷ ደስታዋን ከልክ አሳለፈው። የመጡ ዕለት የያዙት አንድ አጎዛና አንድ በትር ነበር።

ደስታችን ግን ቶሎ ደፈረሰ። አባባ ማታ የተኙበትን አጎዛ ጠዋት ተነስተው ጥቅልል ያደርጉና በገመድ አስረው በሩ ጎን ያቆሙታል። የሚቀመጡት ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ነው። እማዬ ሻይ ስትሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ቤታችሁ ይሙላ፣ እንግዳ አያሳጣችሁ» ብለው ይመርቃሉ፤ ይጠጣሉ፤ ድገሙ ቢባሉ እጃቸውን ብርጭቆው አፍ ላይ ከድነው «በቃኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ከአውቶብስ የወረደ መንገደኛ የሚያደርገው ነው እንጂ የቤት ሰው እንዲህ አያደርግም። አንድ ጠዋት እማዬ ከመጋረጃው ኋላ ሄዳ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት።

እኔ የመሰለኝ ሻዩ አልጥማቸው ብሎ ነው። ስለዚህ እማዬ ዘወር ስትል ጠብቄ ብርጭቆአቸው ውስጥ ማንኪያው እስኪቆም ስኳር ገለበጥኩበት። አባባ አንዴ ፉት አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሰሚራ፣ ይህ ሻይ ነው ወይስ ማር?»

«እንዲጥምዎ ብዬ ነው። ሻይ አይወዱም እንዴ አባባ?»

«ማነው ያለው? ሻይማ እወዳለሁ።»

«ታዲያ ለምንድነው እንደ መድኃኒት የሚጠጡት?»

ደጅ ዝናቡ ይወርዳል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። አባባ ብርጭቆውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ያወሩኝ ጀመር። አነጋገራቸው የላይ አገር ሰው ነው፤ አይቸኩሉም።

«አየሽ ልጄ፣ እኛ አገር ሻይ የእንግዳ ነው። ስኳሯ ከዚሁ ከደባርቅ በበቅሎ ነው የምትወጣው። አያትሽ ነፍሷን ይማረው ሳጥን ውስጥ ትቆልፍባታለች፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታስራለች። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ነው ሳጥኑ የሚከፈት። ለቤት ሰው ጦስኝ አለ፤ ከደጅ ሸምጥጠሽ ማፍላት ነው። የቤት ሰው ሻይ ከተቀዳለትማ ወይ ታሟል፣ ወይ ነገ መንገደኛ ነው።»

«እኛ ግን ሁልጊዜ ነው የምንጠጣው።»

«አይቻለሁ፣ አይቻለሁ። እጇ ይባረክ፣ እናትሽ በየጠዋቱ ትቀዳልኛለች። እንዲያው እኔ ግን ብርጭቆውን ስትሰጠኝ ‹አባቴ፣ መቼ ነው የሚሄዱት› የምትለኝ ይመስለኛል።»

ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር። ነገሩን ለመቀየር ብዬ ስለ ዋልያ ጠየቅኋቸው።

«ዋልያ? ዋልያ ምኑ ይወራል! ሌባ ነው። ገብሱ ሊያሽት ሲል ጎሕ ሳይቀድ ከገደሉ ብቅ ይላል። ወንጭፍ ይዘን ስንጮህበት ተወርውሮ ገደል ይገባል፤ ሰው ቢሆን አጥንቱ አይገኝም። አንዱን አውራማ በአንድ ነገረኛ ጎረቤታችን ስም ነበር የምንጠራው። ጎረቤትየው ሰማና ለሽማግሌ ከሰሰን።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እዚህ ፊቴ የተቀመጡት ሰው ሻይን ቆልፈው፣ ዋልያን ከማሳቸው እያባረሩ የኖሩ ናቸው። እኔ ደግሞ ሻይ ውስጥ ዋኝቼ፣ ዋልያን በደብተር ሽፋን የማውቅ። አንዳችን ያለ ቦታችን የተፈጠርን መሰለኝ።

«ጭቃው ሲደርቅ እመለሳለሁ፤ ጥቅምት ላይ» አሉኝ ከዚያ በኋላ፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ እንደሚል ሰው።

«የት?»

«ላይ ነዋ።»

«መንደሩ ተነስቷል እኮ አባባ።»

«ድንጋዩ አልተነሳም። አንዱ ዋሻ ሥር አርፋለሁ። ለዋልያው ነው የምትነሱት አሉን፤ ይሁን፣ ተነሳን። ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። ደግ ከሆነለት ደግ። እንዲያው በከንቱ የወረድሁ እንደሆነ ግን እዚያው ልሙት።»

ሮጬ ለእማዬ ነገርኳት። የስኳር ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። አባባ ሌሊት ሌሊት የሚያስላቸው ሳል ነበረባቸው፤ ሐኪም ብርድ እንዳይነካቸው ብሎ አስጠንቅቋል። «እዚያ ዋሻ ውስጥ አንድ ጥቅምት አይወጡም» አለች፤ «ሬሳቸውን ነው በቃሬዛ የማመጣው።» አባትን አይሆንም፣ አይሄዱም ማለት ደግሞ በእኛ ቤት የለም። አባት የተናገረውን የሚመልሰው ራሱ ነው።

በማግሥቱ እማዬ ሻዩን ተወችና ጦስኝ አፍልታ አቀረበችላቸው። አባባ ገና ሽታው ሲደርሳቸው ቀና አሉ።

«ይህ ከየት መጣ?»

«ከገበያ ነው አባቴ። በእስር ይሸጣል።»

«ጦስኝ? ጦስኝ ይሸጣል?» ሳቁ። አፈር ተሸጠ ቢሏቸው እንኳ እንዲህ አይገርማቸውም። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡና መረቁ፤ «ቤታችሁ ይሙላ።» እማዬ ከንፈሯን ነከሰች። ያው እንግዳ ናቸው።

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ። የተፈጥሮ ክበብ ኃላፊያችን መምህር ደሳለኝ ጥቅምት ላይ ጨነቅ ወስዶ ዋልያ እንደሚያሳየን ሲናገር ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። እኔ አፌ አላርፍ ብሎኝ ተነሳሁና «የኔ አያት ዋልያ በወንጭፍ ያባርሩ ነበር፤ አንዱን በጎረቤታቸው ስም ይጠሩት ነበር» አልኩ። ውሸታም ተባልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንዶቹ ባገኙኝ ቁጥር «አያትሽ አንበሳም በገመድ ያስሩ ነበር?» እያሉ ቁም ስቅሌን አሳዩኝ። መምህር ደሳለኝ ግን ሰው የሚያምን ሰው ነው። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ሻይ ቤታችን መጥቶ አባባን አብረውን እንዲሄዱና ለልጆቹ እንዲያወሩ ለመናቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ወዲያው «እሺ» አሉ።

እማዬ ደስ አላት። ልባቸው ሊከፈት ነው ብላ ነበር። የመሄጃችን ዕለት ማለዳ ግን አባባ አጎዛቸውን ጠቅልለው፣ አስረው፣ እንደ ወትሮው በሩ ጎን በማቆም ፈንታ ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉት። እማዬ ፔርሙዝ ውስጥ ሻይ እየሞላች ነበር፤ አየችና እጇ ቀጥ አለ። ከዚያ ጠርታ መጋረጃው ኋላ ወሰደችኝና ትከሻዬን ጨመቀችው።

«ሰሚራ፣ ከአያትሽ ጎን እንዳትለዪ። ይዘሻቸው ነይ።»

«እምቢ ካሉኝስ?»

«አልቅሺ።»

አሮጌ አውቶብስ ነበር። ልጆቹ እየዘፈኑ እኔ ፔርሙዙን አቅፌ አባባ ጎን ተቀመጥኩ። መንገዱ እየወጣ ሲሄድ ብርዱም ይጨምራል፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። አባባ ፊታቸውን መስኮቱ ላይ አጣብቀዋል። አንድ መታጠፊያ ላይ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ማዶ ያለ ገደል አሳዩኝ። «ከዚያ በላይ ነው ቤታችን» አሉ። ምንም ቤት አልታየኝም።

ጨነቅ ስንደርስ የተቀበለን አስማረ የሚባል ስካውት ነበር፤ የደረስጌ ልጅ፣ ወጣት፣ ጠመንጃ ያነገተ፣ ከንፈሩ በብርድ የተሰነጣጠቀ። አባባ ጉልበታቸውን ረስተው ከፊታችን ይራመዱ ጀመር። አስማረ ተከተላቸውና በትሕትና፦

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንግዶች ከመንገዱ እንዳይወጡ ነው ትእዛዙ።»

አባባ ቆም አሉ። ዞረው ከኋላቸው ሌላ ሰው ካለ አዩ። የለም። «እንግዶች» የተባሉት እሳቸው ናቸው።

አባባ ወደ አንድ ገደል ጫፍ ይዘውን ሄዱና «እዚህ ቁጭ በሉ፤ ፀሐዩ ሞቅ ሲል ከሥር ብቅ ይላሉ። ዝም ብቻ» አሉን። ቁጭ አልን። ፀሐዩ ሞቀ፤ ምንም አልመጣም። ጠበቅን። ከገደሉ ጉም ብቻ ነው የሚወጣው። ወንዶቹ መጀመሪያ ተሳሳቁ፣ ከዚያ በክርን ይነካኩኝ ጀመር። አባባ አንገታቸውን አስግገው ወደ ታች ያያሉ፤ እንደገና ያያሉ። «እዚህ ነበር... እዚችው ነበር» ሲሉ ድምፃቸው ለራሳቸው ነው። እንደዚያ አንሰው አይቻቸው አላውቅም፤ ወንዶቹን ሁሉ በጥፊ ማጠናገር አማረኝ።

አንድ ልጅ ከኋላችን «ያውና!» ብሎ ጮኸ። ዞርን። ዋልያዎቹ ከገደሉ ሥር አልነበሩም፤ ስካውቶቹ ከሚያድሩባት ቤት አጠገብ፣ መንገዱ ዳር፣ ሣራቸውን ይግጣሉ። ፈረንጆች ከበዋቸው ፎቶ ያነሳሉ።

እውነቱን ልናገርና፣ ቅር አለኝ። «ይሄ ነው?» አልኩ። ጺም ያለው ትልቅ ፍየል ነው። ቀንዱ ግሩም ነው፣ አልክድም፤ ግን ያኝካል፣ ይጸዳዳል፣ እንደገና ያኝካል። ደስ ያለኝ ፈረንጆቹን ሳይ ነው። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ ይወርዳል። ተገኘላቸው አልኩ በልቤ፤ እልል ብልላቸው ደስ ባለኝ ነበር።

አባባ ግን ወደ አውራው ተራመዱ። በጣም ቀረቡት። ዋልያው ቀና ብሎ አያቸውና ማኘኩን ቀጠለ። አባባ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ሀይ! ሂድ! ወግድ!»

ጆሮውን ነቅነቅ አደረገ፤ ሌላ የለም። አባባ ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱ። ፈረንጆቹ ጮኹ፤ አስማረ ዘሎ እጃቸውን ያዘ።

«አባባ! ምን ነካዎት? ክልክል ነው እኮ!»

«ልመታው አይደለም። እንዲሸሽ ነው።»

«ለምን ይሽሽ?»

ድንጋዩ ከእጃቸው ወደቀ። «ዱሮ ጥላዬን ሲያይ ነበር ገደል የሚገባ» አሉ አባባ። «አላወቀኝም።»

«አሁን እኮ የሚያባርረው የለም አባባ፤ ሰው ለምዷል» አለ አስማረ፤ ቁጣው በርዶለታል። «ግልገሎቹን አይተዋል? ያውልዎት፣ ከእናቶቻቸው ሥር።»

አባባ አዩ። ትንንሾቹ ድንጋይ ላይ እየዘለሉ እርስ በእርስ ይጋጫሉ። ብዙ ነበሩ። አባባ ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩዋቸውና አንድ ድንጋይ ላይ ሄደው ተቀመጡ፤ አጎዛቸውን ጎናቸው አድርገው፣ ፊታቸውን ወደዚያ ማዶ ገደል።

የመመለሻችን ሰዓት ደረሰ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል፣ ልጆቹ እየገቡ ነው፣ አባባ አይነሱም። እኔ እማዬ ያለችኝን ላደርግ ፊቴን ጨማደድኩ፤ እንባዬ እምቢ አለ። የሞተችብኝን ድመት አሰብኩ፣ ሒሳብ ፈተናዬን አሰብኩ፣ ምንም። የማደርገው ቢጠፋኝ ፔርሙዙን ከፍቼ ሻይ ቀዳሁላቸው። ትኩሱ እንፋሎት ብርዱ ላይ ሲወጣ አስማረ ከወዲያ አንገቱን አዞረ።

«ሻይ ነው? ስኳር አለው?»

«አለው» አልኩት።

«እመብርሃን! እኛ ስኳር ካለቀብን ከረመ እኮ። መኪና ሲመጣ ያመጡልናል ስንል...»

አባባ ገና አፋቸው ያላደረሱትን ብርጭቆ ዘረጉለት። አስማረ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ቁጢጥ አለና በሁለት እጁ ተቀብሎ «ቤትዎ ይሙላ» አላቸው። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የጠጣው። አባባ እሱንም ብርጭቆውንም ዋልያዎቹንም እያፈራረቁ አዩ።

«ይህን ሁሉ ዋልያ በየቀኑ እያየህ ሻይ ያምርሃል?»

«ዋልያማ ምን አለ አባባ፣ ዞር ስል አለ። ብርቅ የሆነብኝ ሻዩ ነው።»

አባባ ሳቁ። እስኪያስላቸው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ስካውቱም ሳቀ፤ ያሳቀው ነገር የገባው ግን አይመስለኝም። አባባ «ድገሚለት» እንዳሉኝ ቀዳሁለት፤ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ አጎዛቸውን አንስተው «ተነሽ፣ እንሂድ» አሉኝ።

«ገና አላለቀስኩም እኮ» አልኩ በድንጋጤ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

አውቶብሱ ቁልቁል ሲጀምር ልጆቹ ደክሟቸው ዝም ብለው ነበር። አባባ ለመስኮቱ እንደሚናገር ሰው «ደህና ናቸው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ብመለስ መልሼ ላሳድዳቸው ነው። ይብቃቸው» አሉ። ያኔ ነገሩ በቃ፣ ተፈታ ብዬ ደስ ብሎኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ያቺ «ይብቃቸው» ከውስጣቸው ምን ያህል አገር ነቅላ እንደወጣች ዛሬ ነው የሚገባኝ፤ ባሰብኩት ቁጥርም ያሳዝነኛል።

እማዬ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችን። አባቷን ከነአጎዛቸው ሲወርዱ ስታይ ዞራ በጫማዬ ጭቃ እኔን መቆጣት ጀመረች። ይሁን እንጂ በማግሥቱ ጠዋት አጎዛው ተጠቅልሎ በሩ ጎን ቆሟል። አባባ ሻያቸውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ መረቁ፣ «በቃኝ» አሉ። እማዬ መጋረጃው ኋላ ገብታ «እግራቸው ነው የመጣው» አለችኝ። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው ነበር፤ ከዚያ በኋላም።

አንድ የገበያ ቀን ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል። እማዬ ከኋላ እሳት ታያይዛለች፤ እኔ ጥግ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ከአውቶብስ የወረዱ ባልና ሚስት ሕፃን አዝለው በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ውስጡ መሙላቱን ሲያዩ ተያዩና ሊመለሱ ሲሉ አባባ ከዱካቸው ብድግ አሉ። ከመጡ ጊዜ ጀምሮ ሰምቼው በማላውቀው፣ ገደል ማዶ በሚያሰማ ድምፅ፦

«ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ እንጂ! ሕፃን ይዛችሁ ብርድ ላይ ምን ያቆማችኋል?»

ሴትዮዋን ዱካቸው ላይ አስቀመጧት። ሁለቱን ጎረምሶች «እስቲ ጠጋ በሉ» ብለው ለባልየው ቦታ አስለቀቁለት። ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«ሀሊማ! እንግዳ መጥቷል፣ ሻይ አምጪ!»

እማዬ እጇ ጥላሸት እንደሆነ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። አባቷ ቆመዋል፤ እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ማንቆርቆሪያውን አነሳች። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ለአባቷ ልትቀዳ ብርጭቆ ስታነሳ አባባ በእጃቸው ከለከሏት።

«ለእኔ ተይው» አሉ፤ «መጀመሪያ ለእንግዶቹ።»